ለዓመታት የቆመ መኪና ሞተር፦ ከመጀመሪያው ማስነሻ በፊትና በኋላ ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከቀበናና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አንሥቶ እስከ ኮተቤ ባሉ ግቢዎች ውስጥ፣ ሸራ ለብሰው ወይም በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተጠልለው ለዓመታት የቆሙ መኪኖችን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አንዳንዱ ባለቤቱ ወደ ውጭ ሀገር ሲሄድ የቀረ ነው። አንዳንዱ የውርስ ጉዳይ እስኪቋጭ የሚጠብቅ ነው። ሌላው ደግሞ ለአንድ መለዋወጫ ሲባል ለአንድ ወር ቆሞ ዓሥር ዓመት ያለፈው ነው። ቮልስዋገን፣ ላዳ፣ ቶዮታ ኮሮላና ላንድሮቨር ከእነዚህ መካከል በብዛት የሚታወቁ ናቸው።

እነዚህ መኪኖች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የነበራቸው ዋጋ ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ በኋላ በግቢ የቆመ መኪና ለቁራሌ የሚሰጥ ብረት ሳይሆን፣ በአግባቡ ከተያዘ ቤተሰብን ሊያገለግል ወይም በጥሩ ዋጋ ሊሸጥ የሚችል ንብረት ሆኗል።

ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የቆመን ሞተር የሚገድለው መቆሙ ሳይሆን በችኮላ መነሣቱ ነው። ባትሪ ተውሶ ቁልፍ ማዞር፣ አልነሣ ሲል በሌላ መኪና አስጎትቶ ወይም በቁልቁለት አንከባልሎ ማርሽ ማስገባት በአንድ ጠዋት የሚፈጸም ጥፋት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ጤነኛ የሆነ ሞተር በመለኪያ አነባበብ ስሕተት ብቻ «አልቋል» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥበት አጋጣሚ አለ። ይህ ጽሑፍ የቆመ መኪናን ለማስነሳት የሚያስፈልገውን ቅደም ተከተል፣ ችግር ሲያጋጥም ምክንያቱ የሚለይበትን መንገድ፣ እንዲሁም የአዲስ አበባ ከፍታ በሞተር ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ ያብራራል።

ለምን እንደቆመ ማወቅ

የመጀመሪያው ሥራ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ መጠየቅ ብቻ ነው። መኪናው ሲቆም እየሠራ ነበር ወይስ ተበላሽቶ? ውኃ ያፈላ ነበር? ዘይት ያቃጥል ነበር? የቆመው በቤንዚን ተሞልቶ ነው ወይስ ባዶውን? እየሠራ የቆመ ሞተርና ቴስታታው ተቃጥሎ የቆመ ሞተር መንገዳቸው የተለያየ ነው። ሁለተኛው ከመነሻው ወደ ጋራዥ መሄድ ያለበት ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ግን ባለቤቱ ከአንድ መካኒክ ጋር በግቢው ውስጥ ሊያስነሣው ይችላል።

ቀጥሎ ኮፈኑን ከፍቶ በዓይን መመርመር ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ባሉ ሰፈሮች የባሕር ዛፍ ቅጠል ከመስታወቱ ሥር ባለው የውኃ መውረጃ ውስጥ ይከማቻል። መውረጃው ሲደፈን የክረምቱ ዝናብ ወደ ፊውዝ ሳጥኑና ወደ መኪናው ወለል ይገባል። አይጥ በአየር ፊልትሮው ሳጥን፣ በማርሚታው ጫፍና በገመዶች መካከል ጎጆ ይሠራል፤ የገመዱን ልባስም ይበላል። ልባሱ የተበላ ገመድ ባትሪ ሲገጠም እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ገመዶቹ ሳይታዩ ባትሪ መግጠም አይገባም። የአይጥ ኩስ ሲጸዳ አቧራው እንዳይነሣ በውኃ አርጥቦ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መሆን አለበት።

በጣት ተጫን ተደርጎ የሚሰነጠቅ ወይም እንደ ድንጋይ የደረቀ የነዳጅ ጎማ ቱቦ ሳይለወጥ ነዳጅ ማስገባት አደገኛ ነው። በዚህ ሥራ ሁሉ የእሳት ማጥፊያ በአጠገብ መኖር አለበት።

ዘይቱ ምን ይናገራል

የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥቶ ማየት ብዙ ነገር ይገልጻል። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፤ ምክንያቱም የተበላሸ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ወይም ለዓመታት የተጠራቀመ ጤዛ ሊሆን ይችላል። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና መጠኑ ከምልክቱ በላይ ከሆነ ነዳጅ ወደ ዘይቱ ወርዷል። ዘንጉ ላይ ዝገት ከታየ በውስጥ ያሉት ብረቶችም ከዚያ የተሻለ ሁኔታ ላይ ናቸው ማለት ያስቸግራል።

ንጹሕ ቢመስልም እንኳ ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት መለወጥ ይኖርባቸዋል። አሮጌ ዘይት እርጥበትና አሲድ ይይዛል፤ ብሮንዞችን ይበላል። አዲሱ ዘይት ሞተሩ ለጥቂት ሰዓት ከሠራ በኋላ እንደገና ሊለወጥ ስለሚገባ በመጀመሪያው ዙር ውድ ዘይት መጠቀም አያስፈልግም።

የተቀዳው ዘይት ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ መደፋት የለበትም። ከእንጦጦ ተራሮች የሚወርዱት እንደ ቀበና ያሉ ወንዞች መድረሻቸው አቃቂ ነው፤ በአቃቂ ዳርቻ ደግሞ አርሶ አደሮች በዚያው ውኃ አትክልት ያለማሉ። አሮጌ ዘይት፣ የባትሪ አሲድና የተበላሸ ነዳጅ በጀሪካን ተይዘው ለሚቀበሉ ጋራዦች መሰጠት አለባቸው።

ሞተሩን በእጅ ማዞር

የሂደቱ ዋነኛ ነጥብ ይህ ነው። ሞተሪኖ ከመሥራቱ በፊት ሞተሩ በነጻነት መዞሩ በእጅ መረጋገጥ አለበት።

አሠራሩ የሚከተለው ነው። መኪናው ማርሽ ላይ አለመሆኑ ይረጋገጣል፤ ጎማዎቹም በድንጋይ ወይም በእንጨት ይደገፋሉ። ካንዴላዎች በሙሉ ይፈታሉ። የየትኛው ሲሊንደር ካንዴላ የትኛው እንደሆነ በተራ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ ዘይት የነካው፣ የዛገው ወይም ጥቀርሻ የለበሰው ካንዴላ ስለ ሲሊንደሩ ይመሰክራልና። ከዚያም በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ንጹሕ የሞተር ዘይት ይጨመራል። ዘይቱ በፒስቶኑ ዙሪያ ወዳሉት ፋሻዎች እንዲሠርግ ቢያንስ አንድ ሌሊት መጠበቅ ይመረጣል። በማግስቱ በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ባለው ቡሎን ረጅም ቁልፍ አስገብቶ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው።

ሁለት ሙሉ ዙር ያለ መንጠልጠል ከዞረ ትልቁ ሥጋት አልፏል። ካንዴላዎቹ በመፈታታቸው በሲሊንደር ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ወይም ነዳጅ ካለ በቀዳዳው ይወጣል። ውኃ እንደ አየር አይጨመቅም፤ ካንዴላ ሳይፈታ በሞተሪኖ ቢዞር ፒስቶኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ቢየላ ሊጣመም ይችላል።

የማይዞር ሞተር ሁሉ የሞተ አይደለም። ፋሻዎቹ በስስ ዝገት ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ይሆናል። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጨምሮ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየነቀነቁ ለአንድና ለሁለት ሳምንት መታገሥ ብዙ ሞተሮችን አላቅቋል። ረጅም ቧንቧ ጨምሮ በኃይል መጫን ግን የዛገውን ፋሻ ይሰብራል። በማስጎተት ለማላቀቅ መሞከር ከሁሉም የከፋ ነው። ሞተሩ እስከ አጋማሽ ዞሮ በተመሳሳይ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ የተጣበቀ ቫልቭ ወይም በሲሊንደር ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር መኖሩን ያመለክታል፤ በዚህ ጊዜ ቴስታታውን ማውረድ ግድ ይላል።

ታይሚንግ ቺንጋ ያላቸው ሞተሮች ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻሉ። ቺንጋው ከጎማ የተሠራ ስለሆነ ባይሠራም ያረጃል። በብዙ ሞተሮች ላይ ቺንጋው ሲበጠስ ፒስቶንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ለዓመታት የቆመን ቺንጋ ከማስነሳት በፊት መለወጥ ቴስታታ ከማሠራት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ወጪ ነው።

የቆየ ቤንዚንና ናፍጣ

ቤንዚን ሲቆይ ቶሎ የሚተነው ክፍሉ ይጠፋል፤ የቀረው ደግሞ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይፈጥራል። ሽታው እንደ ቀለም ወይም እንደ ቫርኒሽ የሆነ፣ መልኩ የጠቆረ ቤንዚን ለሞተር አይሆንም። ከአዲስ ጋር መቀላቀልም መፍትሔ አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ መቀዳት አለበት።

በአዲስ አበባ ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ 5 በመቶ፣ ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል የተደባለቀ ቤንዚን በማደያዎች ሲሸጥ እንደነበር ይታወሳል። ኢታኖሉ የሚገኘው ከፊንጫና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ነበር። በዚያ ዘመን ተሞልተው የቆሙ መኪኖች የተለየ ችግር ሊኖርባቸው ይችላል። ኢታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በቂ ውኃ ሲያገኝ ከቤንዚኑ ተለይቶ ከውኃው ጋር በታንከሩ ወለል ላይ ይቀመጣል። ያ ድብልቅ ታንከሩን ያዝጋል፤ ለኢታኖል ያልተሠሩ አሮጌ የጎማ ክፍሎችንም ያበላሻል። የእንጦጦ ግርጌ ቀን ሞቃት፣ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ግማሽ ባዶ በሆነ ታንከር ውስጥ ጤዛ እንዲፈጠር ስለሚያደርግ ውኃው ከዝናብ ብቻ አይመጣም።

የተቀዳው ነዳጅ በብርጭቆ ዕቃ ተደርጎ ለጥቂት ጊዜ ቢቀመጥ ውኃው ወደ ታች ሲለይ በዓይን ይታያል። ታንከሩ ውስጥ በመብራት ሲታይ ቡናማ ዝገት ካለ ታንከሩ መውረድና መታጠብ አለበት። ባዶ ታንከር በትነት የተሞላ በመሆኑ ከሙሉው የበለጠ ይፈነዳል፤ ስለዚህ በምንም ምክንያት በብየዳ አጠገብ መቅረብ የለበትም።

ለሙከራ ሞተሩን ከዋናው ታንከር ነጥሎ፣ በአስተማማኝ ሁኔታ ከታሰረና ከሞተሩ ሙቀት ከራቀ ንጹሕ ጀሪካን ማስነሣት የተለመደ ዘዴ ነው። በዚህ መንገድ ችግሩ በታንከሩ ወይም በሞተሩ መሆኑ በቀላሉ ይለያል። የነዳጅ ፊልትሮ በአዲስ ይተካል። ካርቡሬተር ያለው መኪና ከሆነ ካርቡሬተሩ ተፈትቶ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ቀዳዳዎች በአየር ግፊት ይጸዳሉ፤ በሽቦ መቆርቆር ግን ቀዳዳውን ስለሚያሰፋ የነዳጁን መጠን ያዛባል።

የናፍጣ ሞተር ችግር በአብዛኛው ውኃ፣ ዝቃጭና አየር ነው። በናፍጣና በውኃ መገናኛ ላይ የሚራቡ ጥቃቅን ሕዋሳት ጥቁር ልጥልጥ ዝቃጭ ፈጥረው ፊልትሮ ይደፍናሉ። ነዳጁ ከታደሰ በኋላ በመስመሩ ውስጥ የገባው አየር በእጅ ፓምፕ እስኪወጣ ድረስ ሞተሩ አይነሣም። አንድ አደጋም አለ። የነዳጅ ፓምፑ መቆጣጠሪያ ክፍት እንዳለ ተጣብቆ ከሆነ የናፍጣ ሞተር ቁልፍ ቢዘጋም ፍጥነቱ እየጨመረ ሊሄድ ይችላል። በመጀመሪያው ማስነሻ ወቅት አንድ ሰው የአየር ማስገቢያውን በጠንካራ ጣውላ ለመዝጋት ተዘጋጅቶ መቆም አለበት፤ በእጅ መዝጋት ግን ለጉዳት ይዳርጋል።

ባትሪና እሳት

ሙሉ ኃይል ያለው ጤነኛ ባትሪ ሳይሠራ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። 12 ቮልት ላይ ያለው ሊያልቅ የተቃረበ ነው። ለዓመታት ባዶውን የቆመ ባትሪ በውስጡ ያሉት ሰሌዳዎች በጠጣር ሰልፌት ስለሚሸፈኑ ቻርጅ ቢደረግም ብዙ ጊዜ አይመለስም። ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደካማ ነው ወይም ሞተሩ ከባድ ነው። የባትሪው ጫፎችና ከሞተሩ ወደ መኪናው አካል የሚሄደው የመሬት ገመድ ከዝገት መጽዳት አለባቸው። «ሞተሪኖው ሞቷል» ከሚባሉት ውስጥ ብዙዎቹ የዛገ የመሬት ገመድ ያላቸው ናቸው።

እሳት መኖሩን ለማወቅ አንድ ካንዴላ ከገመዱ ጋር ተያይዞ ብረቱ ሞተሩን እንዲነካ ይደረግና ሞተሩ ይዞራል። ይህ ሲደረግ በአካባቢው የፈሰሰ ነዳጅ መኖር የለበትም፤ ካንዴላውም በእጅ አይያዝም። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ደህና ነው፤ ቢጫና ደካማ ከሆነ ወይም ጭራሹን ከሌለ በአሮጌ ሞተሮች ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያሉት የብልጭታ ማቋረጫ ነጥቦች ናቸው። በእርጥበት ስስ ዝገት ይለብሳሉ፤ በቀጭን ሸርካራ ወረቀት ተጠርገው ክፍተታቸው ሲስተካከል ብዙ ጊዜ እሳቱ ይመለሳል። ቦቢናና የካንዴላ ገመዶች ቀጥለው ይመረመራሉ።

የማቀዝቀዣው ሥርዓት በከፍታ ላይ

የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። የየካ ሰፈሮች ከዚያ እየወጡ ሄደው ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የእንጦጦ ሸንተረር ይደርሳሉ። በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውኃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ በእንጦጦ ደግሞ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ብዙ ሞተሮች በመደበኛ ሁኔታ የሚሠሩት በዚሁ ሙቀት አካባቢ ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። በዚህ ምክንያት በቆላ ብዙም የማይታወቅ የክዳን ጉድለት በእንጦጦ ዳገት ላይ ሞተር ያቃጥላል። ጎማው የደረቀ የራዲያተር ክዳን በአዲስ መተካት አለበት።

በራዲያተሩ ውስጥ ተራ ውኃ ብቻ ቆይቶ ከሆነ ቡናማ ዝገት ይኖራል፤ ታጥቦ ዝገት በሚከላከል ኩላንት መሞላት አለበት። የውኃ ፓምፑ ሲነቀነቅ የሚወዛወዝ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ቴርሞስታት ተጣብቆ ከሆነ መለወጥ እንጂ አውጥቶ መጣል አይመከርም፤ በቀዝቃዛ አካባቢ ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ ሞተር ነዳጅ ያባክናል፤ ቶሎም ያልቃል።

ቮልስዋገን በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተር የለውም። በእርሱ ላይ ዋናው ሥጋት በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ የሚሠራ የአይጥ ጎጆ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ በጥሩ ሁኔታ እየሠራ መስሎ ሳለ አንዱ ሲሊንደር አየር ሳያገኝ ይቃጠላል። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋም ከተበጠሰ ወዲያውኑ መቆም ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ማስነሻ

መኪናው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መሆን አለበት። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሞተር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በአጭር ጊዜም ሕይወት ያጠፋል።

ካንዴላዎቹ እንደተፈቱና የብልጭታው ገመድ እንደተነቀለ፣ ሞተሩ በሞተሪኖ ለ10 ሰከንድ ያህል ይዞራል። ለአንድ ደቂቃ ዕረፍት ከተሰጠ በኋላ ይደገማል። ዓላማው የዘይት ፓምፑ ዘይቱን ወደ ብሮንዞቹ እንዲያደርስ ነው። የዘይት መብራት ሲጠፋ ወይም መለኪያው ሲንቀሳቀስ ካንዴላዎቹ ይገጠማሉ፤ ከዚያ በኋላ ማስነሳት ይቻላል። ሞተሩ ከተነሣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነዳጅ መርገጥ አይገባም። ከተነሣ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ የዘይት መብራቱ ካልጠፋ ሞተሩ ወዲያውኑ መጥፋት አለበት።

ምልክቶችና ትርጉማቸው

ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይነሣ ከሆነ እሳት፣ ነዳጅና ጭመቃ በዚህ ቅደም ተከተል ይመረመራሉ። ብዙ ከተሞከረ በኋላ ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም፤ በቤንዚን ከራሰ ደግሞ እሳት የለም ወይም ነዳጁ በዝቷል።

ተነሥቶ ወዲያውኑ የሚጠፋ ከሆነ የተደፈነ የነዳጅ ፊልትሮ፣ የካርቡሬተር ቀዳዳ ወይም አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ ቱቦ ይጠረጠራል።

ነጭ ጭስ በመጀመሪያ ደቂቃዎች በማርሚታ ውስጥ የተጠራቀመ ጤዛ ነው፤ ሞተሩ ሞቆም ካልቆመና የራዲያተሩ ውኃ ከቀነሰ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተበላሽቷል።

ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ነው። በሲሊንደር ውስጥ የተጨመረው ዘይት እስኪያልቅ መታየቱ የሚጠበቅ ነው። ከጥቂት ሰዓታት ሥራ በኋላ የሚቀንስ ከሆነ ተጣብቀው የነበሩ ፋሻዎች እየተላቀቁ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መፍረድ ተገቢ አይደለም።

ጥቁር ጭስ የበዛ ነዳጅ ወይም ያነሰ አየር ምልክት ነው። የአየር ፊልትሮው መደፈኑ መጀመሪያ ይታያል።

ከላይ የሚሰማ ቀላል የመንካካት ድምፅ የቫልቭ ክፍተት ወይም ዘይት ገና አለመድረሱ ሊሆን ይችላል። ከታች የሚመጣና ነዳጅ ሲረገጥ የሚከብድ ድብደባ ግን የብሮንዝ ነው፤ ሞተሩ መጥፋት አለበት።

«ሞተሩ አልቋል» ከመባሉ በፊት

የሞተር ጤንነት የሚለካበት አንዱ መንገድ የጭመቃ መለኪያ ነው። በዚህ ላይ የሚፈጸም ስሕተት ባለንብረቶችን ብዙ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በእንጦጦ አናት ደግሞ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው አየር ከመነሻው የሳሳ ስለሆነ የመለኪያው ንባብም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የአምራቹ መጽሐፍ ለጤነኛ ሞተር 12 ባር ብሎ የጻፈ ከሆነ፣ ያው ጤነኛ ሞተር በአዲስ አበባ 9 ባር ገደማ ያሳያል። ይህን ያላገናዘበ መርማሪ ደህናውን ሞተር «ጭመቃ የለውም» ሊለው፣ ገዢም በዚሁ ምክንያት ዋጋ ሊሰብር ይችላል።

ከቁጥሩ ይልቅ ትኩረት የሚሻው በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሁሉም ተቀራራቢ ከሆኑ ዝቅ ማለታቸው በከፍታው ይገለጻል። አንዱ ከሌሎቹ በሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ካነሰ ችግር አለ። በዚያ ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ምክንያቱን ይለያል። ንባቡ ከፍ ካለ ጉድለቱ የፋሻ ነው፤ ካልተለወጠ የቫልቭ ወይም የጓርኒሲዮን ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። የቆመ ሞተር ለጥቂት ሰዓት ሠርቶ እንደገና ቢለካ ንባቡ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል።

የኃይል ማነስም በተመሳሳይ መንገድ ይታያል። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ላይ ከመነሻው ሩብ ያህል ኃይሉን ያጣል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ በዚያው ልክ ስለማይቀንስለት ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። በቆላ ሲሠራ የቆየ መኪና ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ይህን ካሳየ የሚያስፈልገው ማስተካከያ እንጂ እድሳት አይደለም። በተቃራኒው ለአዲስ አበባ የተስተካከለ ካርቡሬተር ወደ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ሲወርድ ነዳጅ ስለሚያንሰው ሞተሩ ሊግልና ሊያንኳኳ ይችላል።

ወደ መንገድ ከመውጣት በፊት

የተነሣ ሞተር መኪናውን ለጉዞ ብቁ አያደርገውም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በቆመ መኪና ውስጥ የፍሬኑን ሲሊንደሮች ያዝጋል፤ በረጅም ቁልቁለት ሲሞቅም ይፈላል። ከእንጦጦ ወደ ከተማ የሚወርደው መንገድ የዚህ ዓይነት ፍሬን የሚፈተንበት ቦታ አይደለም። ፍሬኑ ተፈትቶ መታየት፣ ዘይቱ መለወጥ፣ የመጀመሪያው ሙከራም በሜዳማ ስፍራ መደረግ አለበት። ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያረጃል። በጎኑ ላይ ከተጻፉት አራት አሃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያመለክታሉ፤ 2315 ማለት የ2015 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ አልፎ ቦሎ ሳይለጠፍና የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ መኪናውን በመንገድ ላይ ማሽከርከር ሕጉ አይፈቅድም።

ዳግም እንዳይቆም፣ ቢቆምም እንዳይበላሽ

መኪናን ለረጅም ጊዜ ማቆም ግድ ከሆነ አስቀድሞ የሚወሰድ ጥንቃቄ በኋላ የሚመጣውን ወጪ ይቀንሳል። ዘይቱን ከማቆም በፊት መለወጥ፣ የካርቡሬተሩን ቤንዚን ማድረቅ፣ ባትሪውን አውጥቶ በየጊዜው ቻርጅ ማድረግ፣ ኩላንት መሙላት፣ የማርሚታውንና የአየር ማስገቢያውን ቀዳዳ ለአይጥ መዝጋት፣ የእጅ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ ጎማውን በእንጨት መደገፍ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በየሳምንቱ ለአምስት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ውኃ በዘይቱና በማርሚታው ውስጥ ይጠራቀማል። ከተነሣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መነዳት ይኖርበታል።

ይኸው ሥርዓት ለገጠሩም ያገለግላል። በበጋ መስኖ ሠርቶ ክረምቱን በጎተራ ጥግ የሚያሳልፍ የውኃ መሳቢያ ሞተርም ሆነ ከአዝመራ እስከ አዝመራ የሚቆም ትራክተር በቆየ ነዳጅ፣ በአሮጌ ዘይትና በዝገት ይጠቃል። ገመድ ከመሳብ ወይም ቁልፍ ከማዞር በፊት ነዳጁን መቀየር፣ ዘይቱን ማየትና ሞተሩን በእጅ ማዞር ከአንድ ቀን ሥራ አይበልጥም። ያ አንድ ቀን በየካ ግቢ ለቆመው መኪናም ሆነ በመስኖ ዳር ለቆመው ሞተር ከመለዋወጫ ፍለጋ ወራት ያድናል።